ክቡር «ብፈልግማ» ተከላካይ ሆኑ

የበረዶ ሆኪ በሚጫወቱበት አገር ሁሉ አንድ ግብ አግቢ አይጠፋም፤ ማግባቱ አልበቃ ብሎት «ብፈልግማ ተከላካይም እሆን ነበር» የሚል። ካናዳ ውስጥ ላለችው ለእኛዋ የሳስካችዋን ትንሽ ከተማ የደረሱን ግን አውራው፣ ክቡር ዌንደል ሮማንቹክ ናቸው። አንቱታው ለሹፈት ነው፤ አብሮ አደጌ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አንተ እለዋለሁ።

ዌንደል ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። በአዛውንቶች ቡድናችን ውስጥ ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር የጎማ ክብ፣ በዱላው ከነካት አለቀ፣ መረብ ውስጥ ናት። እኔ ኦርቪል ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተከላካይ ነኝ። ወደ ኋላ እየተንሸራተትኩ፣ በጎድኔ ፓክ እየመለስኩ አረጀሁ። የከተማችን ጋዜጣ ስሜን ያወጣው አንዴ ብቻ ነው፤ በራሳችን ላይ ያገባሁ ለታ። እሱንም «ኦርቫል» ብሎ።

እቀናለሁ፤ ምን ይደበቃል! የገዛ ሚስቴ ከጨዋታ ስመለስ «እንዴት ነበርክ?» አትለኝም። «ዌንደል ስንት አገባ?» ነው የምትለኝ።

ሰውየው ደግሞ የማይችለው ነገር የለም። ለቄሳችን «ብፈልግማ እኔም እሰብክ ነበር» ብሏቸዋል። ጥርስ ሐኪም ቤት አፉን በሰፊው ከፍቶ ሳይቀር «እፈልግአ» ሲል ተሰምቷል። መከላከል ከተነሳማ አይቻልም፦ «ወደ ኋላ መሄድ እኮ ነው፤ ትራክተሬም ይችላል!»

ጥር ላይ አብሮኝ የሚከላከለው መርቪን ዳሌውን ቀዶ ጥገና ተደረገና ሰው ጎደለን። በረኛችን ዶሪን ጡረታ የወጣች የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ በአንድ እይታ አርባ ሕፃን ዝም ታሰኝ ነበር። ዌንደልን እንደዚያው አየችው።

«ብፈልግማ ስትል ሠላሳ ዓመትህ። በል ዛሬ ፈልግ!»

ዌንደል ዱላውን አነሳ። «እሺ። በእኔ በኩል አንድም ካልገባ ግን የኦርቪልን ጥግ እወስዳለሁ።»

የእኔን ጥግ! መልበሻ ክፍላችን ውስጥ ማሞቂያው ሥር ያለችው ቦታ ዕድሜውን በመከላከል ለፈጀ ብቻ ነው የምትሰጠው። እኔ ኖሮኝ ዌንደል የሌለው ነገር በዚህ ዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። «ውሰዳት!» አልኩ እንደ ጀግና። በሆዴ ግን «አምላኬ፣ በቂጡ ዘጭ አድርግልኝ» እያልኩ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ፤ አምላክ ግን አላደረገልኝም። ዌንደል ወደ ኋላ ሲንሸራተት ለተመለከተው ፊቱ ጀርባው ላይ የበቀለ ነው የሚመስለው። አጥቂዎቹ ሳይደርሱ እሱ እዚያ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

«በየት እንደሚመጡ በምን አወቅህ?» አልኩት እያለከለክሁ።

«እኔ ብሆን የምመጣው በዚያ ነዋ!»

አንጀቴ አረረ። በመጨረሻው ደቂቃ አንድ ግዙፍ አጥቂ ፓኳን ሲለቃት ዌንደል ተወርውሮ ተኛና በጎድኑ መለሳት። ዶሪን ከመረቡ ሥር «ኦርቪል፣ አየህ? እንዲህ ነው የሚተኛው!» ብላ ጮኸች። ሠላሳ ዓመት ስተኛላት አንድ ቀን አመስግናኝ አታውቅም!

ዜሮ ለዜሮ ወጣን። አግቢያችን ከእኔ ጋር ከኋላ ቆሞ ማን ያግባ? ሐሙስ ዕለት ጋዜጣው በትልቁ «ሮማንቹክ ግብ አላገባም!» ብሎ ወጣ። እኔ ስንት ዓመት ሳላገባ ኖርኩ፤ ማን ጻፈልኝ?

እሑድ ለልምምድ ቀድሜ ሄጄ ዕቃዬን ከጥጌ አነሳሁና በሩ ሥር፣ ብርድ የሚገባበት የዌንደል ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ጎኑን ይዞ ገባ። ሸሚዙን ሲያወልቅ ጎድኑ ላይ ሳህን የሚያህል በለዝ አየሁ። የእኔ ትልቁ የስኒ ማስቀመጫ ቢያህል ነው። በሱም ቀናሁ።

«ከቦታዬ ተነስ» አለኝ።

«ጥጓ ያንተ ናት። አሸንፈሃል።»

ጥጓን አየት አደረጋት፤ በለዙን ዳበሰ። «ኦርቪል፣ ሁልጊዜ እንዲህ ያማል እንዴ?»

«ሁልጊዜ።»

«ሠላሳ ዓመት?»

«ሠላሳ ዓመት።»

ጎኑን ይዞ ጎንበስ አለ። ከዚያ ዕቃዬን ተሸክሞ ወስዶ ማሞቂያው ሥር ወረወረው። «ብፈልግማ እቀመጥባት ነበር» አለ።

ወይ ይሄ ሰው! በደግነትም ሊበልጠኝ! ተነስቼ ወደ ጥጌ ሄድኩና ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። «ና፣ ለጎንህ ሙቀት ጥሩ ነው» አልኩት። መጣ። ሁለታችንም ወፍራም ስለሆንን ትከሻ ለትከሻ ተጣበቅን።

ዶሪን አየችንና ሳቀች። «ኦርቪል፣ ጥግህን አካፈልክ?»

«ብፈልግማ» አልኳት፣ «አላካፍለውም ነበር።»