ምንም ያላሉት አጎቴ ኦቪድ

ድግስ ባለበት ሁሉ፣ ማማሰያ ሳይነካ ድስቱን የሚያዝ አንድ ሰው አይጠፋም። ሽንኩርት አይከትፍም፣ እንጨት አይፈልጥም፤ ጨው ማነሱና እሳት መብዛቱ ግን የሚታየው ለእሱ ብቻ ነው። በእኛ በሉዊዚያና ሜዳ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የባሌ አጎት፣ ክቡር ኦቪድ ጊዬሪ ናቸው።

ክቡርነታቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመጣሉ። አንገታቸውን አስግገው ድስቱን ያያሉ፣ ይተነፍሳሉ። ከዚያ "እኔ ብሆን እሳቱን ቀነስ አደርገው ነበር" ይላሉ። ቀና ብለን ስናያቸው ደግሞ፣ "እኔ ምንም አላልኩም።"

ምንም ሳይሉ ያላሉት ነገር የለም። ቄሱን እንኳ በጾም መግቢያ የምእመናን ግንባር ላይ የሚቀቡትን አመድ እንዴት እንደሚነፉት መክረዋል። አምና በቅበላ ቀን በየቤቱ እየዞሩ ለድግሱ የሚለምኑት ጭምብል ለባሽ ፈረሰኞች የተለቀቀላቸውን ዶሮ ሲያሳድዱ አጥር ተደግፈው አቅጣጫ ሲያመለክቱ ዋሉ፤ ለአሳዳጆቹ ይሁን ለዶሮዋ እስካሁን አልተጣራም። እቤታቸው ግን ሚስታቸው፣ ከዚህ ወዲያ ወደ ምድጃው ዝር እንዳይሉ በኖራ መስመር አስምረውባቸዋል ይባላል።

ዘንድሮ የቅበላው ማክሰኞ ድስት ለእኔ ደረሰኝ። ከሌላ አገር መጥቼ ያገባሁ ነኝና "ታሳርረዋለች" ያሉ ሴቶች እንደነበሩ ሰምቻለሁ። ጉምቦ የሚሉት የቅበላው የዶሮ ወጥ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ዱቄቱ ላይ ነው። በዘይት እየተቁላላ ድፍን ቡናማ እስኪሆን ማማሰሉ ለአፍታም አይቋረጥም፤ አንዴ ጥቁር ነጥብ ከጣለ ይደፋል። ፈረሰኞቹ ከየቤቱ የለመኑትን ዶሮና ሩዝ ጭነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲጋልቡ የዋሉበትን ረሃብ ይዘው እየመጡ ነው። ነገ ጾም ነው። የእኔ ዱቄት ካረረ የመንደሩ ቅበላ እዚያው አረረ ማለት ነው።

አጎቴ ከጎኔ ቆሙ። ዱቄቱ ወርቅማ ሲሆን "ቸኮልሽ" አሉኝ። ቀላ ሲል "ዘገየሽ" አሉኝ። ታዲያ የቱን ልያዝ ብዬ ስጠይቃቸው ምንም አላልኩም አሉ። ማማሰያውን ያን ያህል አጥብቄ የያዝኩት ለዱቄቱ ብቻ አልነበረም።

ዱቄቱ የመጨረሻ ቀለሙን ሊይዝ ሲል የፈረሶቹ ኮቴ ተሰማ። የፈረሰኞቹ አለቃ "ግቡ" ለማለት ነጭ ባንዲራውን ሲያወርድ ጭምብል ለባሾቹ ግቢውን ወረሩት። ምግብ ሠሪዋን ጎትቶ ማስጨፈር የእነሱ መብት ነው፤ እምቢ ያለች ኩራተኛ ትባላለች፣ መጤዋ ላይ ደግሞ ስሙ ተለጥፎ ይቀራል። ሹል ቆብ የደፋ፣ ፊቱን በሽቦ ወንፊት የሸፈነ ረጅም ሰው ክንዴን ያዘ።

"ነይ እንጂ እመቤት" አለኝ፤ "ድስቱ እግር የለው፣ የት ይሄድብሻል?"

ዱቄቱ መጨስ ጀመረ። በአንድ እጄ አማስላለሁ፣ በሌላው እጎተታለሁ። ታሳርረዋለች ያሉት ሴቶች ቆመው ያዩኛል። ወደ አጎቴ ዞርኩ። አንዲት ቃል አልወጣቸውም፤ ይሄኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

ከዚያ የሰውዬውን እጅ ከክንዴ አላቀቁና የራሳቸው ወገብ ላይ አደረጉት።

"የምታስጨፍረው እኔን ነው" አሉት። "ጉልበቴን ብቻ ጠንቀቅ፣ አንተ ዋልጌ።"

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ቫዮሊኑ ሲጀምር ክቡርነታቸውን ይዞ ይሽከረከር ገባ። እኔ በሁለት እጄ አማስላለሁ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን አድርገውት የማያውቁትን አድርገው ለድስት ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ አፍንጫቸው ግን አልተከተላቸውም ኖሯል። ከጭፈራው መሃል ድምፃቸው መጣ፦

"ሽንኩርቱን ጨምሪ። አሁን።"

የተከተፈውን ሽንኩርት ገለበጥኩት። ዱቄቱ ተንጫጫ፣ ጭሱ ረገበ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ድፍን ቡናማ፣ አንዲት ነጥብ የለበትም።

ራት ላይ ስለ ማረር ያነሳ ሰው አልነበረም። ከሴቶቹም ሁለቱ ድስቱን ጠርገው ሲጨልፉ አይቻለሁ፣ ስማቸውን አልናገርም። አጎቴ እያነከሱ ለሁለተኛ ሳህን መጡና አንገታቸውን አሰገጉ።

"ጨው ትንሽ..." ብለው ጀመሩና አዩኝ።

"ምን አሉኝ?"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

ጨው ጨመርኩ። ለከርሞ ቅበላ ድስቱ ከመጣዱ በፊት አንድ ወንበር ከጎኑ እንዲቀመጥ ለባሌ ነግሬዋለሁ፤ መደገፊያ ያለው፣ ድስቱም በደንብ የሚታይበት ቦታ ላይ።