ከሀ የምትጀምረው ማሽን

ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። ካቆሙበት የሚቀጥል አለ፤ አንዴ ካቆሙት ከሀ የሚጀመርም አለ። ስፌት ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ እንግዳ ቢመጣ ወስፌውን ሰክተው ይነሳሉ፣ ሲመለሱ ስፌቱ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል። ሕፃን ማስተኛት ግን ከሁለተኛው ነው። ዓይኑ ሊከደን ጥቂት ሲቀረው ጎረቤት በር ቢያንኳኳ፣ የሚጀመረው ከቀረችው ጥቂት አይደለም፤ እሹሩሩው በሙሉ ነው። ይህን ለወለደች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የማወራው ላልወለዳችሁ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ክረምት ቴፒ ውስጥ፣ እቤታችን፣ ከልጄ እኩል ያስቸገረች ኮምፒውተር ነበረችን።

ባለቤቴ ሙሉጌታ፣ ግቢው ሙሌ የሚለው፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። ጠጋኝ የሚሆነው እንግዲህ ሰው ሲያመጣለት ነው፤ ሰውም የሚያመጣው ሲኖረው ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሙ ሥራ አግኝቶለት ቶሎ ና ይለዋል። እኔና ልጁስ? እኛማ እሱ እስኪደላደል እዚሁ። ይቺ «እስኪደላደል» የምትባል ቃል ስንቱን ባል ይዛ እንደቀረች የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታ ልማዴ ነው፤ ሰው ደግሞ ዝምታዬን እሺ ማለት አድርጎ ይወስድልኛል።

በዚህ መሃል ነው አንድ ትምህርት ቤት በእርዳታ ያገኛቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች አንነሳም ያሉት። ርዕሰ መምህሩ ሙሌን አስጠርተው፣ «ትምህርት ሳይጀመር ካስነሳሃቸው የኮምፒውተር ክፍሉን አንተ ትይዛለህ። ካልሆነ ወደመጡበት መጋዘን እመልሳቸዋለሁ» አሉት። ደመወዝ ያለው ሥራ፣ ያውም እዚሁ ቴፒ! እኔ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብረት ጸለይኩ።

ሙሌ አንዷን ማሽን ተሸክሞ መጣ። እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ኮምፒውተር ሌላውን ሁሉ የሚያስተዳድርለት አንድ ዋና ፕሮግራም አለው፤ ያለ እሱ ብረት ብቻ ነው። የተለመደው ለእነዚህ አሮጌዎች ይከብዳቸዋል። ሊኑክስ የሚባለው ግን የተጻፈበት ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው፤ የማያስፈልገውን አውጥተህ በልክህ ታሰናዳዋለህ።

«በነጻ?» አልኩት።

«በነጻ።»

ነጻ ነገር ምን ያህል እንደሚያደክም ያየሁት ከዚያ ወዲያ ነው።

መጀመሪያ ማጥራት ነው። እኔ ዘጠነኛን አቋርጬ የገባሁት ቡና ለቀማ ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ተደርድረን ተቀምጠን ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ ከደህናው እንለያለን። የሙሌን ሥራ ገና ሳየው አወቅኩት። ማሽኗ ትጠይቀዋለች፤ ይሄ ይግባ ወይስ ይቅር? ኖሮን የማያውቅ ማተሚያ፣ ዓይተነው የማናውቅ ካሜራ፣ ለመርከብ ይሁን ለአውሮፕላን ያልታወቀ መሣሪያ። ይቅር፤ ይቅር፤ ይግባ፤ ይቅር። እጁ በይቅር ሞቆ ኪቦርዱንም ይቅር ብሎት ነበር፤ በጊዜ ባነነ እንጂ።

ከዚያ የተለቀመው ጽሑፍ ሁሉ ማሽኗ ወደሚገባት ቋንቋ መለወጥ አለበት። ይሄ በእኛዋ አሮጊት ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ መስመሩ እንደ ጉንዳን ሰልፍ እየተከታተለ ያልፋል። ግቢያችን ደግሞ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው። አንዷ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ከሰካች ሁላችንም እንጨልማለን። አከራያችን እትዬ ዘይነባ፣ ከስልጤ መጥተው ቴፒ ላይ ሱቅ ከፍተው የከበሩ ሴት ናቸው፤ ግቢው መሃል ቆመው አወጁ።

«ምድጃ የሚሰካ እንዳላይ! የሙሌ ማሽን ምጥ ላይ ናት!»

ግቢው በሙሉ ከሰል አነደደ። ጎረቤት በበራችን ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተገላገለች?» ይላል።

ምድጃ በአዋጅ ይቆማል፤ የቴፒን ዝናብ ግን ማን ያስቆመዋል? ሰማዩ ሲያጉረመርም መብራት ይሄዳል። «ግድ የለም» አለኝ ሙሌ፣ «ያለቀውን አትነካውም፤ ከቀረው ትቀጥላለች።» መብራት መጣ። አልቀጠለችም። ከሀ ጀመረች። በማግስቱም ዘነበ፣ በማግስቱም ከሀ። ሙሌም ዝም ማለት ጀመረ። ሁለት ዝምተኛ ለአንድ ቤት ይበዛል። በመጨረሻ ከወንድሙ ጋር በስልክ ሲያወራ «እሺ፣ ሰኞ እነሳለሁ» ሲል ሰማሁት። ልብሱን አጥቤ አሰጣሁለት። በዚያ ዝናብ እንደማይደርቅ እያወቅኩ ነው ያሰጣሁት።

እሁድ ከሰዓት እትዬ ዘይነባ ለልጁ ብስኩት ይዘው ገቡ።

«አሁንም አልተገላገለችም?»

«የለም እትዬ» አለ ሙሌ። «መብራት በሄደ ቁጥር የሠራችውን ሁሉ እንዳልሠራች ትቆጥረዋለች።»

እኔ የብስኩቱን ጀርባ አገላብጬ አየሁ፤ ልጅ ያላት ሴት ጀርባውን ሳታይ አታጎርስም። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቀኑ ያለፈ መሰለኝ።»

«ውይ ልጄ! እሱ እኮ የፈረንጅ ቀን ነው። በኛ ከቆጠርሽው ገና ሰባት ስምንት ዓመት ይቀረዋል!»

«ለገዢም እንዲህ ነው የሚሉት?»

«ታዲያስ! ግማሹ ያምነኛል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሙሌ አልሳቀም። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አፍጥጦ ያያል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የማሽኗን ሰዓት የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ ሞታለች። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኗ ቀኑን ትረሳለች፤ ሙሌም ግድግዳውን እያየ ይሞላላታል፤ በኛ አቆጣጠር። እሷ ደግሞ አንዱን ሥራ ትድገመው አትድገመው የምትለየው ቀን አስተያይታ ነው። ጽሑፉ ከተሠራው ነገር አዲስ ከሆነ፣ ተሻሽሏል ብላ እንደገና ትሠራለች። ጽሑፉ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። ስለዚህ ሙሌ ዛሬ ያሠራት ሁሉ፣ ጽሑፉ ከመጻፉ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የተሠራ ሆኖ ይታያታል። ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ተወለደ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እሷም አላመነችም።

«እየነገረችኝ እኮ ነበር!» አለ ሙሌ ጭንቅላቱን ይዞ። «ይሄ ፋይል ገና ከሚመጣው ዘመን ነው እያለች ስትጽፍልኝ፣ እርጅና ነው ብዬ አለፍኳት።»

«እኔንም ያላመነኝ ገዢ እርጅና ነው ብሎ ያልፈኛል» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀየረላትና ለመጨረሻ ጊዜ ከሀ አስጀመራት። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ፣ መብራቱ ሄደ። ተመለሰ። ሙሌ አስነሳት፣ ቀኑን ሞላ፣ ትእዛዙን ጻፈ። እትዬ ዘይነባ መቁጠሪያቸውን ጨበጡ፤ እኔ ልጁን ጨበጥኩ። ካቆመችበት ቀጠለች። ሰኞ ረፋድ ላይ ጨረሰችና በአዲሱ ሥርዓቷ ተነሳች። እትዬ ዘይነባ ከደስታቸው ብዛት «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው በእኛ ወግ ኮምፒውተሯን ጨበጧት። ሙሌ ለወንድሙ ደውሎ እንደማይመጣ ነገረው። እኔ ደጅ ወጥቼ ትንሽ አለቀስኩ። ዝናብ ነበር፤ ማን ያውቅብኛል?

መስከረም ላይ ትምህርት ሳይከፈት፣ የእሷ ተገልብጦላቸው ማሽኖቹ በሙሉ ተነሱ፣ ሙሌም ተቀጠረ። ብዙም ሳይቆይ ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን ሊጎበኙ ገብተው አንዷ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ሙሉጌታ! ምንድን ነው ይሄ? ሁሉም ሰባት ዓመት ቀድመውናል እኮ! ተማሪ ታደናግራለህ፤ ዛሬውኑ በኛ አቆጣጠር ይስተካከሉ።»

እራት ላይ ሲነግረኝ ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። «ታዲያ ምን አልካቸው?»

«እሺ ጌታዬ አልኳቸው። ተሠርተው ካለቁ በኋላ ብዙም አያስቸግር።»

ይኸው ተስተካከሉ። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ሲሰሙ፣ ያ ሁሉ ልፋት ሆኖ ሆኖ ለዚህ ነው እያሉ ያዝናሉ። እኔ አላዝንም። ማሽኖቹ የፈለጋቸውን ዘመን ይቁጠሩ፤ ባሌ ብቻ ማታ በጊዜ እቤቱ ይግባ።