የሽማግሌው ራዲዮና የእኔ ኢቃማ

«ካረጁ አይበጁ» ያለው ሰው የዶሃን ሳሎን አላየም። እዚህ ያረጀ ነገር ሁሉ ክብር አለው፤ የዛገው ሰይፍ፣ የአያት ጀልባ መቅዘፊያ ሳይቀር መስተዋት ውስጥ ተቀምጦ መብራት ይበራለታል። እንዳትሳሳቱ ታዲያ፣ ዕቃ ነው ያልኩት።

ዐይን ኻሊድ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ፣ የአሠሪዬን የማዳምን አባት ባለ አምፖል ራዲዮ ስወለውል ኖሬአለሁ፤ ድምፁን ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ዘንድሮ ሽማግሌው ዐይናቸው ሲደክም «ራዲዮኔን» አሉ። ማዳምም ጠጋኝ አስጠራች፤ የሕንድ ኬራላ ሰው፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ። በዚያው ሰሞን የእኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይታደስልኛል ወይ ብዬ በጠየቅኳት ቁጥር «ኢንሻአላህ» ትለኛለች። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከ«እምቢ» የሚለየው በትሕትናው ብቻ ነው።

ጠጋኙ የራዲዮኑን ጀርባ ፈትቶ ጣት የሚያካክሉ ጥቅልሎች አሳየን። ካፓሲተር ይባላሉ፤ ኤሌክትሪኩን ተቀብለው፣ አረጋግተው የሚያሳልፉ እነሱ ናቸው። «አምፖሎቹ ደህና ናቸው» አለ። «እነዚህ ግን አርጅተዋል። ሳይቀየሩ ከተሰካ ይቃጠላል።»

«መልኩ እንዳይለወጥብኝ!» አለች ማዳም።

«አይለወጥም ማዳም። የአሮጌውን ሆድ ዕቃ አውጥቼ አዲሱን እዚያው ቀፎ ውስጥ እከተዋለሁ። ከፍቶ የሚያየው እንኳ አያውቅም።»

«ማሻአላህ!»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፤ «የወጣውስ የት ይገባል?» አልኩት።

«ቆሻሻ ነዋ፣ ሲስተር።»

ራዲዮኑ ሲናገር ሽማግሌው አለቀሱ፤ ማዳምም አቅፋቸው አለቀሰች። ልቧ የራራ መስሎኝ፣ ሞኝነቴ ገፋፍቶኝ ስለ ኢቃማዬ አነሳሁ።

«ኸላስ፣ በቃ ሳራ» አለችኝ። «ጉልበትሽ ደክሟል። አገርሽ ገብተሽ እረፊ።»

ለራዲዮኑ ጠጋኝ፣ ለእኔ ቲኬት። ሳራም ስሜ አይደለም፤ እናቴ ያወጣችልኝ ወርቅነሽ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ሳራ ስለምትባል፣ የማዳም ልጆች አዲስ ስም መልመድ እንዳይቸግራቸው ተብሎ ነው።

አዲሷ በአሥራ አምስተኛው ቀን መጣች፤ ትዕግስት የምትባል፣ ገና ለጋ። ማዳም ከበሩ ላይ «ሳራ!» ብላ ጠራቻት። ልጅቷ ዞር ብላ ሌላ ሰው ፈለገች።

«አንቺን ነው የኔ እናት፣ አቤት በይ» አልኳት።

ዩኒፎርሜን አጥቤ፣ ተኩሼ አስረከብኳት። ለበሰችውና «ሰፋኝ እኮ፣ እትዬ» አለች። መርፌ አምጥቼ ወገቡን አጠበብኩላት። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጥኩትም። ትሞላዋለች፤ እኔም ስመጣ ሰፍቶኝ ነበር።