የጣራችን ነገር

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዝናቡ ከወለል ወደ ጣራ ሲዘንብ አየሁ። ባለቤቴ ስንዱ ጃንጥላዋን ገልብጣ ቆማበታለች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ጣራችን ማፍሰስ ከጀመረ ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ ውሃው ከታች ከመጣ ደግሞ ማን እኔን ይወቅሳል?

«አያልነህ፣ ይህን ቀዳዳ ካልደፈንከው ከእንግዲህ አንድ ጣራ ሥር አናድርም» አለችኝ። ይህንኑ ማታ ሳንተኛ በእውንም ብላኛለች።

«ሐሳብ አለኝ እኮ።»

«ላም አለኝ በሰማይ!»

ወዲያው አናጢው ጎረቤታችን ጋሽ ደምለው በሁለት ዘበኞች ተይዘው አለፉ።

«ምን አድርገው ነው?» አልኩ።

«ያለ ሐሳብ ሚስማር ሲመቱ እጅ ከፍንጅ ተያዙ!» አለኝ አንዱ ዘበኛ።

አሳዘኑኝ፤ ተከተልኳቸው። የወሰዷቸው ችሎት ገበያ መሃል ነው። ሴቶች ሐሳብ በቁና እየሰፈሩ ይሸጣሉ፤ ሰዉ ገዝቶ ከሥሩ ይጠለላል። «የአያልነህ ሐሳብ አያፈስም» ሲባባሉ ሰምቼ ደረቴን ነፋሁ። ዳኛው አህያ ናቸው፤ መነጽር አድርገዋል። ጠረጴዛውን በመዶሻ መቱ፤ ቋ!

«አያልነህ፣ በል ፍረድ!»

«ክቡር ዳኛ፣ ዳኛው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ገና በሐሳብ ደረጃ ነኝ» አሉኝ። ግራ ገባኝ።

ስንዱ መጣች። ውሃው ወገቧ ደርሷል። «አንድ ሚስማር ስጠኝ» አለችኝ። ኪሴን ብዳብስ ሐሳብ። ሌላውን ብዳብስ፣ እሱም ሐሳብ። «የለኝም» ልላት አፌን ስከፍት ስለ ቆርቆሮ አመራረጥ ረጅም ንግግር ወጣኝ። ሰዉ አጨበጨበ። ውሃው አንገቷ ደረሰ። አፌን በእጄ ብይዘውም ንግግሩ አልቆም አለ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ዳኛውም መዶሻቸውን ደጋገሙት፤ ቋ! ቋ! ቋ!

ነቃሁ። ነግቷል። ብርድ ልብሴ በስብሷል፤ የመዶሻው ድምፅ ግን አሁንም አለ፣ ከጣራው ላይ ነው የሚመጣው። ዞር ስል በሩ አጠገብ የታሰረ ጓዝ አየሁ። ጥላኝ ልትሄድ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሮጬ ብፈታው የኔው ሱሪዎች ናቸው።

ቀና አልኩ። በቀዳዳው የስንዱ ፊት ታየኝ፤ ሚስማር በጥርሷ ነክሳለች።

«ስንዱዬ፣ ልርዳሽ?»

ሚስማሩን ከአፏ አወጣች።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለችና ቀዳዳውን በቆርቆሮ ከደነችው።