ከአልጋ ሥር ያለው ዘይት

«አሁን ላይ ኑሩ» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ጉልበቴ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ሰውዬውን ሊጎሽም ይቃጣዋል። ምክንያት አለኝ። እኔ አሁን ላይ የኖረ ሰው አይቻለሁ። አይቻለሁ ብቻ? አግብቼዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መካኒሳ ነው። ባሌን ደምሰውን መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ህንድ ላከው። ያኔ ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ቴፕ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቢያንስ ቢያንስ ጫማ። ሰፈሩ በሙሉ እንኳን ደህና መጣህ ሊል መጣ፤ ዓይኑ ግን ሻንጣው ላይ ነበር። የእኔም ጭምር፣ ምን እደብቃለሁ። ሻንጣው ሲከፈት አንዲት ቀጭን ምንጣፍ ወጣች። መካኒሳ ምንጣፍ ጠፍቶ ነው?

ዮጋ ይባላል አለን። እግርን አጣጥፎ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ እየተነፈሱ መቀመጥ ነው። ጥቅሙስ ስለው፣ የሰው ልጅ አካሉ እዚህ ሆኖ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይዞራል፣ ዮጋ ሐሳብን ወደ ቤቱ ይመልሳል አለኝ። ቤታችን ደግሞ ሕፃን ያለቅሳል፣ ጣራው ያፈሳል፣ ትልልቆቹ በአንድ ካልሲ ይጣላሉ። እኔ የሱን ሐሳብ ብሆን አልመለስም ነበር።

እናቱ እማማ ጥሩነሽ አብረውን ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት እንደዚያ ተጎልቶ ሲያዩት የሆነ ሰው ያዞረበት መሰላቸው። ከአቦ ጠበል አስመጡና ሳይነግሩት አናቱ ላይ ለቀቁበት። ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። በደንብ ይዞታል ብለው አለቀሱ። እሱ ግን የውኃውን ቅዝቃዜ ጠብታ በጠብታ አጣጣምኩት ብሎ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለው ዋለ።

ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም። ነገር የመጣው ዮጋው ገበታ ላይ ሲደርስ ነው። አንዲቱን ጉርሻ ያኝካል፣ ያኝካል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያኝካል። ልጆቹ በልተው፣ ወጥተው፣ ተደባድበው ሲመለሱ እሱ ገና እያኘከ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ዓይኑን ገለጠና ሽሮው ዘይት የለውም አለኝ። ዘይትማ ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ወራት አልፎታል፤ ሽንኩርቱን በውኃ ነው የማቁላላው። እንደ ሌላው ሰው ሳያስተውል እየዋጠ በሰላም ይኖር የነበረ ሰው ህንድ ሄዶ ምላሱን አንቅቶ መጣ።

እሁድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ አለ። የቀረ ሰው ስኳር አያገኝም፤ ስለዚህ የሚቀር የለም። የቀበሌያችን ሰው ስብሰባ እንዴት እንደሚቀመጥ ላስረዳችሁ። አካሉን አምጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጥና ራሱ ይሄዳል። አጠገባችን የሚቀመጡት ገበሬው ጋሽ ቱሉ ላፍቶ ማሳቸው ላይ ናቸው፤ ጤፋቸው ታጭዶ ገና አልተከመረም። እኔ ዳንቴሌን እሠራለሁ። ፊት ያሉት ሲያጨበጭቡ እናጨበጭባለን፣ ግራ እጅ ሲነሳ እናነሳለን። ምን እንደተባለ የሚያውቅ የለም። እንደዚያ ሆነን ነው በሕይወት የከረምነው።

ደምሰው ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሊቀመንበሩ ሪፖርት ያነባሉ፣ ያነባሉ፣ መሐል ላይ የምግብ ዘይት ለመላው የቀበሌው ነዋሪ ታድሏል አሉ። በጉልበቴ ጎሸምኩት። ዘግይቻለሁ፤ እጁን አውጥቷል። ተነሳና ያቺን የዮጋ ፈገግታውን ፈገግ ብሎ፣

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለማን?» አለ።

እናንተዬ፣ ዮጋ በስንት ዘመን የማያደርገውን ያቺ «ለማን» ባንድ አፍታ አደረገችው። አዳራሹ በሙሉ አሁን ላይ ደረሰ። ጋሽ ቱሉ ከላፍቶ ተመለሱ። የእኔ ኪሮሽ ከእጄ ወደቀ። የሚያስለው ሰው እንኳ ሳሉን ዋጠ። ከዚህ ያነሰ ተናግረው የት እንደደረሱ ያልታወቁ ነበሩ፤ አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ነው። የልጆቼ ፊት ድቅን አለብኝ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጓዱ የዘይቱን እደላ ይጠራጠራሉ ወይ ብለው ሲጠይቁ ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዘይቱ ደርሶናል። እሱ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

ሊቀመንበሩ ትክ ብለው አዩኝ። ዘይት እንዳልደረሰን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ማወቄንም ያውቃሉ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ስለ ስግብግብነትና ስለ ንዑስ ከበርቴ አመል ረጅም ትምህርት ሰጡ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ፤ አደረግሁ። ዓይኔ ያላየውን ዘይት የት እንዳስቀመጥኩት ሳይቀር ተናዘዝኩ፤ ከአልጋ ሥር አልኩ። ተጨበጨበ። ደምሰውም አጨበጨበ፣ በሙሉ ልቡ።

ቤቴ ገባሁና አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንባዬን ሳልጠርግ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ቱሉ ናቸው፤ ባዶ ጠርሙስ ይዘዋል። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ደርሶባቸዋል፤ ከዚያች ከአልጋ ሥር ካለችው ትንሽ ባካፍላቸው ብለው ነው። ከኋላቸው ሌላ ባለጠርሙስ ቆሟል፣ ከሱ ኋላ ሌላ። ለካ ሕዝቤ ሲፈልግ ያዳምጣል። የለኝም ብልስ ማን ያምነኛል? በሕዝብ ፊት የተናዘዝኩት ነገር ነው። ጋሽ ቱሉ እስኪሞቱ ድረስ እንዳኮረፉኝ ነበር።

እራት ቀረበ። ደምሰው ጎረሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አኘከ፣ አኘከ። እኔ ምስጋናዬን እየጠበቅሁ ነው፤ ነፍሱን ነው ያተረፍኩለት። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠና ወደ አልጋው ሥር በስስት አየት አደረገ።

«እንግዲህ ሁሉም ሰው አውቆታል» አለኝ። «ለምን ትንሽ ጠብ አታደርጊበትም?»