የአማቼ ባትሪ ያዥ

ቤተሰብ ያለው ሰው ሁሉ ባትሪ አስይዞ የሚሠራ ዘመድ አለው። አባት ሊሆን ይችላል፣ አጎት፣ ታላቅ ወንድም። አንድ ነገር ሲበላሽ ከተፍ ይልና እጅጌውን ይሰበስባል፤ ከዚያ ዓይኑን ወርወር አድርጎ ከቤቱ ውስጥ ሥራ ፈት የመሰለውን ሰው ይመርጣል። "ና እስቲ፣ ይቺን ባትሪ ያዝልኝ" ይላል። የተመረጠው ሰው የዚያን ዕለት ቀኑ አለቀ ማለት ነው። የእኔን ዕጣ ከሌላው የሚለየው አስያዡ አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ መሆናቸው ነው። አባትን ማኩረፍ ይቻላል፤ አማችን ማን ያኮርፋል?

ክቡር አማቼ፣ ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት መካኒክ፣ የቧንቧ፣ የፍሪጅ፣ የበር እጀታና የሚሽከረከርም የማይሽከረከርም ነገር ሁሉ ባለሙሉ ሥልጣን ጠጋኝ ናቸው። አርባ ዓመት ማሽን ፈትተው ገጥመው ወደ ቤት ይዘው የተመለሱት አንድ ሳጥን መፍቻና በሰው አለማመንን ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ሌላው ሰው እንደ ተረት ይናገረዋል፤ እሳቸው እንደ መድኃኒት በቀን ሦስቴ ይወስዱታል። ሱቅ ውስጥ አምፖል በርቶ ካላዩ አይገዙም። በርቶ ካዩ ደግሞ "ስንት ጊዜ አብርተውታል?" ብለው ይጠይቃሉ።

ባለቤቴ ገና እጮኛዬ ሳለች ለወላጆቿ ልታስተዋውቀኝ ወሰደችኝ። አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሰውየው ሳሎን የሉም፤ ወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያው ሥር ገብተው እግራቸው ብቻ ይታያል። ሰላምታ ያቀረብኩት ለእግራቸው ነው። ከውስጥ አንድ እጅ ብቅ አለና ባትሪ አቀበለኝ። ወንበር ሳይሰጠኝ ባትሪ ተሰጠኝ። ተንበርክኬ አርባ ደቂቃ ያህል ያዝኩ። ሲወጡ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ለልጃቸው "ይሄ ልጅ ብርሃን አያያዝ አያውቅም" አሏት።

ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነ። ባትሪ መያዝ ቀላል የሚመስለው ይዞ ለማያውቅ ነው። ብርሃኑ እጃቸው የሚሄድበት ቦታ ከእጃቸው ቀድሞ መድረስ አለበት። ዘግይቶ ከደረሰ "ተኝተሃል"፣ ቀድሞ ከደረሰ "ማን አዘዘህ" ነው። በጣም የሚወዱት ትዕዛዝ "እዚያ አይደለም፣ እዚህ" የሚለው ነው። እዚህ የቱ ጋ እንደሆነ አይጠቁሙም፤ ሁለት እጃቸው ተይዟል። በዓይናቸውም እንዳያሳዩኝ፣ ጭንቅላታቸው ቱቦ ውስጥ ነው። እንግዲህ ገምቼ ነው የኖርኩት። ከጊዜ በኋላ ግን እጃቸው ቀጥሎ ወዴት እንደሚዞር ከእሳቸው እኩል ማወቅ ጀምሬ ነበር።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት አንዲት ቂም ስላለችኝ ነው፤ አልደብቃችሁም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንዲት ብሎን ፈትቼ አላውቅም። አልተፈቀደልኝም። የሚፈቷቸውን ብሎኖች አንድ የቆርቆሮ ክዳን ላይ በተራ ይደረድራሉ፤ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ክዳኑን ይዘውት ይሄዳሉ። ለሽንት ሲሄዱም ይዘውት ይሄዳሉ። ልጃቸውን ሰጥተውኛል፤ የልጅ ልጆቻቸውን አምነው በእጄ ይተዋሉ። ካቻቢቴያቸውን ግን አላስነኩኝም። አንድ ቀን እንዲያምኑኝ እመኝ ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው የሚያሳፍር ምኞት ነው፣ አውቃለሁ።

የማያምኑት እኔን ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። አንድ ጊዜ የፍሪጁ ሞተር ከአቅማቸው በላይ ሆነና ወደ ጥገና ቤት ተላከ። ከመላኩ በፊት የባለቤታቸውን፣ የአማቴን፣ ቀይ የጥፍር ቀለም ወስደው እያንዳንዷ ብሎን ላይ፣ እያንዳንዱ ሽቦ መጋጠሚያ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረጉበት። ሐሳቡ ጠጋኙ ዕቃ ቢቀይር እንዲታወቅበት ነው። ሞተሩ ሲመለስ ባትሪውን ይዤ አብረን ቆጠርን። ነጥቦቹ አንድ ሳይጎድሉ አሉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ቀና ስል ፊታቸው ጭራሽ ጠቁሯል። "አየህልኝ ተንኮሉን?" አሉ። "ቀለሙን አመሳስለው ቀብተውታል።"

እንግዲህ ባለፈው ክረምት አንገቴ አመመኝ። ሁለት ቅዳሜ ተከታታይ የውኃ ማሞቂያ ሥር ተጋድሜ ባትሪ ይዣለሁ። ባለቤቴ አንገቴን እያሸች፣ ለዚህ ነገር መፍትሔ ፈልግ፣ አለበለዚያ አባቴን እኔው እናገራቸዋለሁ አለች። መሣሪያ መሸጫ ሄጄ ችግሬን ስነግረው ሻጩ ሳይስቅ አንድ ነገር አወጣልኝ። ታቹ ክብ ማግኔት ነው፤ ብረት ላይ ልጥፍ ይላል። መሐሉ ወደፈለጉት የሚጣመም አንገት ነው። ጫፉ ላይ ባትሪውን ቆንጥጦ የሚይዝ መቆንጠጫ አለው። አይደክመውም፣ አያስነጥሰውም፣ "እዚህ" ሲሉት የቱ ጋ ብሎ አይጠይቅም። ወዲያው ገዛሁት።

አማቼ በሁለት ጣት አንጠልጥለው አዩት። መጀመሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ሌላ ክፍል አስቀመጡ። ቀጥለው የባንክ ካርዳቸውን አርቀው ደበቁ። ከዚያ ማን እንደሸጠልኝ፣ ሻጩ ስሜን ጠይቆኝ እንደሆነ መረመሩኝ። ማግኔቱን ፍሪጁ በር ላይ ለጥፈው ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ ይወድቃል ብለው ነው። ሻይ ጠጥተው ጨረሱ፣ አልወደቀም። "ዛሬ አዲስ ስለሆነ ነው" አሉ።

በሳምንቱ ስንሄድ ጉድ ፈልቶ ጠበቀን። ሰውየው ማግኔቱን ይዘው ቤቱን ሲፈትሹ ሰንብተዋል። ብረት ተብሎ የተሸጠላቸውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ሞክረዋል። የሳሎኑ መብራት ማቆሚያ ብረት ሳይሆን ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኝቷል፤ የመጋረጃው ዘንግም ፈተናውን ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ስድስት ድስት ተደርድሯል። ስንጋባ እኔ ያመጣሁላቸው የማይዝግ ብረት ድስት ነው። ማግኔቱን ከመጀመሪያው ድስት አስጠጉት፣ ተንሸራቶ ወረደ። ስድስቱንም በፊቴ ሞከሩ። "ብረት ነው ብለህ ነበር" አሉኝ በተረጋጋ ድምፅ። ጥሩ የማይዝግ ብረት ማግኔት እንደማይዝ አስረዳሁ። "የገዛው ሰው እንደዚያ ማለቱ አይቀርም" አሉ። አማቴ ከወጥ ቤት፣ አሥራ አራት ዓመት በልተንበታል፣ ምን ሆንን ብለው ባይደርሱልኝ እስከ ዛሬ ተከሳሽ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ስልክ አልደወሉም። አንድ ቅዳሜ አለፈ፣ አልተጠራሁም። ሁለተኛው አለፈ። ቤት ተኝቼ፣ አንገቴን ዘርግቼ፣ ነጻ ወጣሁ ማለት ሲገባኝ ስልኬን አያለሁ። ባለቤቴ ታዝባኝ ምን ሆነሃል ስትለኝ ምንም አልኳት። ምንም አልነበረም እንዴ? በአንድ ማግኔት ቀንቼ ነበር። ብሎኑን ባያስነኩኝም ባትሪው የእኔ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጄ ገዝቼ አስነጠቅኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሰበብ ፈልጌ ብቻዬን ሄድኩ። አማቼ ከጓሮው ክፍል ብቅ ሲሉ በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ቁልፉን ሁለቴ አዞሩና ኪሳቸው ከተቱ። ክፍሉ አማቴ ልብስ የሚሰፉበት ነው። ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ ምንም አሉ። የእኔን "ምንም" ያስታውሳል፤ ስለዚህ አላመንኳቸውም። ለካ ጥርጣሬ ይጋባል። ሻይ ሲቀርብ ዓይኔን ከእሳቸው አልነቀልኩም። ብርጭቋቸው እስከ ግማሽ ብቻ ነው የተቀዳው። ሲያነሱትም በሁለት እጃቸው ነው።

አማቴ እስከ በሩ ሊሸኙኝ ወጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የስፌት መኪናቸው ከቆመች አሥራ ሁለት ቀን እንደሆናት ነገሩኝ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ቀርቷል፤ ሃያ ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም ተቀብለዋል፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው ያለቁት። የመኪናዋ መርፌ ትወርዳለች ግን ክሩን አትይዝም። ሰውየው በየቀኑ ይፈቷታል፣ በየቀኑ ይዘጓታል። ጠጋኝ ልጥራ ቢሏቸው "የእኔን ቤት መኪና ማንም አይነካትም" ብለዋል። እኔን እንጥራው ሲሏቸው ደግሞ ባትሪ ያዥ አለኝ አሉ። ወደ ቤቴ ስመለስ በሁለት እጅ የተያዘው ብርጭቆ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። 

ማክሰኞ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። "ና" አሉኝ፣ ዘጉት።

የጓሮው ክፍል በር ተከፍቷል። የስፌት መኪናዋ ጎኗ ላይ ተጋድማለች። ማግኔቱ ከብረት ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ፣ ብርሃኑን በትክክል ሆዷ ውስጥ ጥሏል፤ እኔ እንደዚያ አድርጌ ይዤ አላውቅም። ዝቅተኛዋ ዱካ ላይ፣ ባትሪ ስይዝ የምቀመጥባት የእኔ ቦታ ላይ፣ አማቼ ተቀምጠዋል። የእሳቸው ወንበር ባዶ ነው። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝና ኪሴ ከተትኩት።

"ተቀመጥ" አሉኝ፣ ባዶውን ወንበር እያሳዩኝ።

አልተቀመጥኩም። ወጥመድ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ስድስቱ ድስቶች ትዝ አሉኝ። እሳቸው ካቻቢቴውን አነሱ። ጫፉ ብርሃኑ ውስጥ ሲገባ ግራና ቀኝ ይማታል። ሊያቆሙት ሞከሩ፣ በሌላኛው እጃቸው አንጓቸውን ጨበጡ፣ አልቆመም። ይህንን እንድመለከት ሆን ብለው ነው ያደረጉት መሰለኝ። ከዚያ እጀታውን ወደ እኔ አዙረው ዘረጉልኝ።

"ከጸደይ ጀምሮ ነው" አሉ። "ለማንም አልተናገርኩም። ይሄን ማግኔት ስታመጣልኝ እጄን አውቆብኛል ብዬ ጠርጥሬህ ነበር።"

"አባባ፣ እኔ አንገቴን አሞኝ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። አጣራሁ።"

ጥገና ቤት እንውሰዳት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቀድመውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠጋኞችን እንደማያምኑ ነገሩኝ። እኔንም እኮ አያምኑኝም አልኳቸው፣ ድምፄ የከረመ ቂም ያለበት ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። 

"አሥራ አራት ዓመት እጄን ሲያይ የኖረ ሌላ ሰው የለኝም" አሉ።

ተቀመጥኩ። መርፌዋ ወርዳ ልትነሳ ስትል ከታች ያለችው መንጠቆ ክሩን መቅለብ አለባት፤ የእኛዋ ዘግይታ ነው የምትደርሰው። መንጠቆዋን የምትይዘውን ብሎን ማላላት፣ መንጠቆዋን በጣት ይዞ የጸጉር ያህል ማስቀደም፣ ሳትንቀሳቀስ መልሶ ማጥበቅ። ሁለት የጸና እጅና የማይነቃነቅ ብርሃን ይፈልጋል። ብሎኗን አላላሁ፣ መንጠቆዋን በጣቴ ያዝኩ። እሳቸው "እዚህ" እንኳ አላሉኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኔ ላይ ብርሃን ሲያርፍ አይተው የማግኔቱን አንገት በዝግታ መለስ አደረጉልኝ። ብሎኗን አጠበቅኩ። ሽፋኑንና የቀሩትን ሰባት ብሎኖች ልመልስ ስል ብድግ አሉና ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

ብቻዬን ቀረሁ። መኪናዋ እንደተከፈተች፣ ብሎኖቹ እንደተደረደሩ፣ ማንም ሳይኖር። ነገሩ አላማረኝም። ሰውየው በቁልፉ ቀዳዳ እያዩኝ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሥራ አራት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ያን ያህል አውቃቸዋለሁ። ስድስቱን ገጥሜ የመጨረሻዋን ብሎን እንደያዝኩ በጫማዬ ጫፍ ተራምጄ፣ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው በሩን ቧ አድርጌ ከፈትኩት።

በሩ ላይ ማንም የለም። ወደ ሳሎን ብሄድ አማቼ ሶፋው ላይ ራሳቸውን ደገፍ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። አሥራ አምስት ቀን አልተኙም ነበር አሉኝ አማቴ በሹክሹክታ። እሳቸው የሌሉበት ጥገና በቤታቸው እየተካሄደ አማቼ ሲተኙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆሜ አየኋቸው።

አማቴ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ከኋላዬ ወደ ጓሮው ክፍል ገቡ። የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቄ መኪናዋን አቆምኳት፤ እሳቸው ክሩን አስገቡ። ጎማዋን በእጄ ቀስ አድርጌ አዞርኩ። መርፌዋ ወረደች፣ ስትነሳ የታችኛውን ክር ይዛ መጣች። አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሃያ ዩኒፎርም ይጠብቃቸዋል፣ ቀኑም እየሄደ ነው። እግራቸውን ግን ከመርገጫው ላይ አነሱ። መኪናዋ ስትሠራ ድምፅ አላት፤ አማቼ እስኪነቁ ድረስ ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን።