በሰው ክንድ ሽቶ ሲሞከር

ሙራሪ፦ ክንድህን አምጣ አልኩህ!

ቺሮንጂ፦ ያንተስ?

ሙራሪ፦ የኔ ምን?

ቺሮንጂ፦ ክንድ። አንተም እኮ ሁለት አለህ።

ሙራሪ፦ አለኝ! የኔ ግን ለከሰዓቱ ነው የተቀመጠው። ሰው የክት ልብሱን ለብሶ እንጨት ይፈልጣል?

[ነገሩ የሆነው ሕንድ አገር፣ ካናውጅ ከተማ ውስጥ ነው፤ ኢትር የሚሉት የዘይት ሽቶ በሚሸጥበት ጠባብ መንገድ፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ካለች አግዳሚ ላይ። ሙራሪ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ የማያውቀው ነገር ቢኖር አለማወቁን ብቻ ነው። ዛሬ ከሰዓት ሻምቡናት ቤት ለጋብቻ ይታያል። ሻምቡናት አበባ እያፈላ ሽቶ የሚያወጣባቸው አምስት የመዳብ ጋኖች፣ አንዲት ሴት ልጅና አልታዘዝ ያለ ጉልበት ያለው ሰው ነው። ልጁን ያገባ ጋኖቹንም ይረከባል። በዚያ ቤት ደግሞ እንግዳ የሚመዘነው በመልኩ ሳይሆን በጠረኑ ነው። ሙራሪ ከዚህ በፊት ሁለት ቤት ታይቶ ተመልሷል፤ እናቱም «ለሦስተኛ ጊዜ ከመለሱህ ወደኔ እንዳትመለስ» ብላዋለች። ልቡ ክፉኛ ፈርቷል፤ አፉ ግን ይህን ገና አልሰማም። ቺሮንጂ ጎረቤቱ ነው፤ ሸክላ ሠሪ። ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ አንዴ ከገባው ግን አይወጣለትም።]

ቺሮንጂ፦ ቆይ፣ ቆይ። ዛሬ የሚታየው ማነው?

ሙራሪ፦ እኔ!

ቺሮንጂ፦ የሚሸተተውስ?

ሙራሪ፦ እኔ ነኝ እያልኩህ!

ቺሮንጂ፦ ታዲያ የምቀባው እኔ ለምን ሆንኩ?

ሙራሪ፦ ኤጭ! ስማኝ። አንድ ሽቶ የነካው ቦታ ላይ ሌላ ከደረብክ ይደባለቃል። አምስቱንም በራሴ ላይ ከሞከርኩ አምስት ሰው ሆኜ ልገባ ነው። ስለዚህ ባንተ ላይ እንሞክራለን፤ ያሸነፈውን እኔ እቀባለሁ። አሁንስ ገባህ?

ቺሮንጂ፦ ጫማህንም በኔ እግር ነው የለካኸው?

ሙራሪ፦ ጫማና ሽቶ ምን አገናኘው? ቆዳ ያው ቆዳ ነው! ዘርጋ!

[ባለሱቁ እያንዳንዱ የተለያየ ሽቶ የነካው አምስት ጥጥ በክብሪት ሳጥን ሰጥቷቸው፣ «ቆዳችሁ ላይ አድርጋችሁ ቆዩ፤ ቶሎ አትፍረዱ» ብሎ ለቀትር እንቅልፉ ጋደም ብሏል። የሰፈሩ ልማድ ነው፤ ሳይሞከር አይገዛም። ሙራሪ አንዱን ጥጥ አውጥቶ የቺሮንጂን ቀኝ አንጓ ነካ አደረገው።]

ሙራሪ፦ ይሄ ጽጌረዳ ነው። ምን አለህ?

ቺሮንጂ፦ ምንም አላለኝ።

ሙራሪ፦ አሽተው እንጂ!

ቺሮንጂ፦ [አሸተተ] የአክስቴን ሠርግ አስታወሰኝ።

ሙራሪ፦ እሰይ! ሠርግ አለ! ጥሩ ምልክት ነው።

ቺሮንጂ፦ ሳምንት ሳይሞላው ነው የፈረሰው።

ሙራሪ፦ አፍህን በቆረጠው! ግራ አንጓህን አምጣ። ይሄ ጠንበለል ነው።

ቺሮንጂ፦ ይሄስ ደስ ይላል። ቁንጅናዋን የምታውቅ ሴት ስታልፍ እንዲህ ነው።

ሙራሪ፦ ያዝልኝ። ቀኝ ክርንህን። ይሄ ሰንደል ነው። የነገሥታት ሽታ!

ቺሮንጂ፦ ምንም አይሸትም።

ሙራሪ፦ ነገሥታት ቶሎ አይመጡም።

ቺሮንጂ፦ እስከ ስንት ሰዓት ልጠብቃቸው?

ሙራሪ፦ ግራ ክርንህን! ይሄ ኹስ ይባላል፤ የሣር ሥር ነው። ለሙቀት ፍቱን ነው።

ቺሮንጂ፦ [አሽትቶ] አዎ፣ ክርኔ በርዶታል። ሌላው ሰውነቴስ?

ሙራሪ፦ ሌላው ሰውነትህ አልተጋበዘም። ይሄኛውን ባለሱቁ ነው ያለ ፈቃዴ የጨመረው። የአፈር ነው።

ቺሮንጂ፦ የምን?

ሙራሪ፦ የአፈር! የሸክላ ገል በጋን ይቀቀላል፣ እንፋሎቱ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ በቃ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል። አይ የሰው ነገር! ና፣ ክንድህ መሃል ላይ ልንካህ፤ ለይስሙላ ነው።

[ቺሮንጂ ክንዱን አሸተተ። እንደገና አሸተተና ዐይኑ ፈጠጠ።]

ሙራሪ፦ ምን ሆንክ? አቃጠለህ?

ቺሮንጂ፦ ጓሮዬ ነው።

ሙራሪ፦ ምን አልክ?

ቺሮንጂ፦ እናቴ ትሙት፣ ጓሮዬ ነው! አፈር የምቆፍርበት፣ ከጉድጓዱ በስተግራ። ባለፈው ወር እኮ የተሰበረ ሸክላ በጋሪ ጭነው ወሰዱልኝ። ለመንገድ መሙያ መስሎኝ ነበር! ሙራሪ፣ ጓሮዬን ጠርሙስ ውስጥ ከተውታል!

ሙራሪ፦ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።

ቺሮንጂ፦ ሰው ይሄን ገዝቶ ይቀባል?

ሙራሪ፦ ሀብታም ነው የሚቀባው።

ቺሮንጂ፦ እኔ እኮ በየቀኑ ቁጭ እልበታለሁ! እስከ ዛሬ ሀብታም ነበርኩ ማለት ነው?

ሙራሪ፦ ቆሻሻ ነበርክ ማለት ነው! አፈር አፈር እየሸተተ ሚስት ያገባ ሰው የት አይተሃል? በቃ፣ ወስኛለሁ። ጽጌረዳ!

ቺሮንጂ፦ ቆዩ ብሎን ነበር እኮ።

ሙራሪ፦ መቆየት ለማያውቅ ሰው ነው። እኔ ወደ ላክኖው በሚሄደው ባቡር ላይ ሁለት ዓመት ሽቶ ሸጬ አላውቅም እንዴ? ጠርሙሱ ሲከፈት ነው የምለየው!

ቺሮንጂ፦ የገዙህ ሰዎችስ? ሲቆይ ምን አሉህ?

ሙራሪ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? በሚቀጥለው ጣቢያ እወርዳለሁ።

[ቺሮንጂ ግን እንደ ተቀባ ቁጭ አለ፤ ሙራሪም ቢጨንቀው አብሮት ተቀመጠ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዝናቡ ሊገባ ገና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሰማዩ ላይ ለመድኃኒት የሚሆን ደመና የለም።]

ሙራሪ፦ እስቲ አሁን። ጽጌረዳዬ እንዴት ናት?

ቺሮንጂ፦ [ቀኝ አንጓውን አሽትቶ] ሄዳለች።

ሙራሪ፦ የት?

ቺሮንጂ፦ አልነገረችኝም። በሷ ቦታ የቀዘቀዘ ሻይ አለ።

ሙራሪ፦ ጠንበለሉስ?

ቺሮንጂ፦ እሷም ባል አግብታ ወፍራለች።

ሙራሪ፦ ሰንደሉስ? ነገሥታቱ?

ቺሮንጂ፦ መጥተዋል። ግን ተኝተዋል።

ሙራሪ፦ ኧረ ጉዴ ፈላ! አምስት ሽቶ አንድ ሰው አያኮራም? ይሄ ያንተ ቆዳ እኮ...

[በዚህ መሃል ማዶ ጣሪያ ላይ ፓፓድ፣ ያቺን ስስ የምስር ቂጣ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣች ሴትዮ ብድግ አለች። አፍንጫዋን ወደ መንገዱ ቀሰረችና ፓፓዷን እየተጣደፈች መሰብሰብ ጀመረች።]

ሙራሪ፦ ምን ነካት? አበደች እንዴ?

ቺሮንጂ፦ ዝናብ ሸትቷት ነዋ።

ሙራሪ፦ የምን ዝናብ? ቀና ብለህ እይ እስቲ!

[በአጠገባቸው የሚያልፍ ባለሪክሾም፣ ሰው በብስክሌት ጋሪ የሚያመላልሰው፣ ቆመ። ሰማዩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከመቀመጫው ሥር ላስቲክ አውጥቶ ወንበሩን ሸፈነ።]

ሙራሪ፦ እሱም? [የቺሮንጂን ክንድ ነጥቆ አፍንጫው ላይ አስጠጋ።] ቺሮንጂ! ወንድም ዓለም! ምንድነው ይሄ?

ቺሮንጂ፦ ክንዴ ላይ እየዘነበ ነው።

ሙራሪ፦ አገኘሁት! ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር!

ቺሮንጂ፦ ቆሻሻ ነው ያልከው።

ሙራሪ፦ ጥሩ ቆሻሻ ማለቴ ነበር! ተነስ፣ ሰዓቱ ደርሷል!

[ሙራሪ የአፈሩን ጥጥ ጨምቆ አንጓውን፣ አንገቱን፣ ጢሙንም ሳይቀር ቀባ። የተረፈውንም እንደ አገሩ ሰው ጆሮው ላይ ሸጎጠ። ቺሮንጂን አስከትሎ፣ እየፎከረ መንገዱን ጨርሶ የሻምቡናት ደጃፍ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኗል። የዚያ ቤት ልማድ ይታወቃል፤ እጅ ይቀድማል፣ ፊት ይከተላል። እንግዳው ከቀርከሃው መጋረጃ ውጭ ቆሞ እጁን ብቻ ያስገባል። የሻምቡናትን አፍንጫ የአርባ ዓመት ጭስ ስለበላው፣ አሽታ የምትፈርደው ሌላ ሳትሆን ልጁ ካጅሪ ራሷ ናት።]

ሙራሪ፦ [በሹክሹክታ] ከመጣራታችን በፊት አሽተኝ።

[ቺሮንጂ አሸተተው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።]

ሙራሪ፦ እ? ዘነበ?

ቺሮንጂ፦ ዘንቧል።

ሙራሪ፦ እሰይ!

ቺሮንጂ፦ ዘንቦ አባርቷል። ከዚያ ፍየሎቹ ገብተዋል።

ሙራሪ፦ የምን ፍየሎች?

ቺሮንጂ፦ የረጠቡ።

ሙራሪ፦ [ራሱን አሽትቶ ፊቱ አመድ መሰለ] እንዴት ይሆናል? ያው ጥጥ! ያው ብልቃጥ!

ቺሮንጂ፦ ጠዋት ሰውነትህን ምን ተቀባህ?

ሙራሪ፦ እንደ ማንኛውም ሰው፣ የሰናፍጭ ዘይት ነዋ!

ቺሮንጂ፦ ምንስ በላህ?

ሙራሪ፦ ነጭ ሽንኩርት። ጥሬውን። ድፍረት ይሰጣል ብለውኝ።

ቺሮንጂ፦ ሽንኩርቱስ ደፍሯል።

ሙራሪ፦ ወዮልኝ! እናቴ በሩን ትዘጋብኛለች! የት ነው የማድረው?

ካጅሪ፦ [ከመጋረጃው ጀርባ] ማነው ደጅ ላይ?

ሙራሪ፦ እኔ ነኝ እመቤቴ፣ ሙራሪ! [በሹክሹክታ] ክንድህን!

ቺሮንጂ፦ አሁን ደግሞ ለምን?

ሙራሪ፦ ዝም ብለህ አስገባው! አንተ ክንድ ነህ፤ ክንድ አይናገርም!

ካጅሪ፦ እጅዎን ያስገቡልኝ።

[የቺሮንጂ ክንድ በመጋረጃው ገባ። የሙራሪ አፍ ውጭ ቀረ። ከውስጥ ካጅሪ ቀስ ብላ ደጋግማ አሸተተችው። የሙራሪ ልብ ግን እስከ ጎረቤት ይሰማል።]

ካጅሪ፦ ይሄ ዝናብ ከየት መጣ?

ሙራሪ፦ ከኔ ነው! በተፈጥሮዬ እንዲህ ነኝ።

ካጅሪ፦ ብዙ ሰው ይሄንኑ ሽቶ ተቀብቶ በዚህ በር መጥቷል። በአንዱ ላይ ይሞታል፣ በሌላው ላይ ይታመማል። እርስዎ ላይ ግን ቤቱን ያገኘ ይመስላል። ሥራዎ ምንድነው?

ሙራሪ፦ ንግድ ነው እመቤቴ። የአእምሮ ሥራ። ይሄ የሚያዩት እጅ ከወረቀት በቀር ምንም ነክቶ አያውቅም።

ካጅሪ፦ ከጥፍሩ ሥር ያለው ጭቃስ?

ሙራሪ፦ እሱ... እሱ የቤተሰብ ነው።

ካጅሪ፦ እንግዲያው አንድ ላስቸግርዎ። የጋን ክዳን የምመርግበት ጭቃ ይሄ ነው። እሳት ሲሰማው ይሰነጠቅብኛል፤ የሳምንት አበባዬ ተንኖ ቀረ። እስቲ ይዩልኝ።

ሙራሪ፦ ጭቃ? እኔ? ከተወለድኩ ጭቃ ነክቼ አላውቅም!

[ክንዱ ግን ጭቃውን ተቀብሎ ማሸት ጀምሯል።]

ካጅሪ፦ ውይ፣ ጠጠሯን እንዴት አገኟት?

ሙራሪ፦ ጠጠር ምን እንደሚመስልም አላውቅ!

ካጅሪ፦ መዳፍዎን ዘረጉ። ውሃ ነው?

ሙራሪ፦ አይ፣ አልጠማኝም። እግዜር ይስጥልኝ።

ካጅሪ፦ ለጭቃው ነው።

ሙራሪ፦ [በሹክሹክታ] አንተ ሰውዬ፣ ሰብስብ እጅህን! ልታጋልጠኝ ነው?

ቺሮንጂ፦ [በሹክሹክታ] ጭቃው እኮ የሚያያይዘው ጥጥ አንሶታል። እንዴት ትቼው እወጣለሁ?

ካጅሪ፦ ጥጥ ነው ያነሰው?

ሙራሪ፦ ማን አለ?

ካጅሪ፦ እጅዎ ነው ያለው።

ሙራሪ፦ እጄ... እጄ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል። ሙቀት ሲሆን።

[ካጅሪ ጥጥ ጨመረች፤ ክንዱ አሸው፣ አድበለበለው፣ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን አለሳለሰው። ከግቢው ውስጥ የሽማግሌ ሳል ተሰማ።]

ካጅሪ፦ አባባ! የምንፈልገው ሰው መጥቷል!

ሙራሪ፦ [እንባው ግጥም አለ፤ ዛሬ ገና ከልቡ ተደሰተ] ሰማህ ቺሮንጂ? ተፈለግሁ! ሰው ፈለገኝ! እመቤቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ!

[ደስታው አሳብዶት ሊሰግድ ጎንበስ ሲል አንገቱ እስከ ትከሻው መጋረጃውን አልፎ ገባ።]

ካጅሪ፦ [አፍንጫዋን ይዛ] ኧረ በሕግ! ምን ይዘው ነው የመጡት?

ሙራሪ፦ እ... የጎረቤት ፍየል ናት። ተከትላኝ።

ካጅሪ፦ ጺም ያላት፣ ጆሮዋ ላይ ጥጥ የሸጎጠች ፍየል?

[ሙራሪ አንገቱን መለሰ። ጥጡንም ከጆሮው አውጥቶ ወረወረ።]

ካጅሪ፦ እንግዲህ እቅጩን ልንገራችሁ። እጁ ይግባና ምርጊቱን ይጨርስልኝ፤ ሌላውን ቀስ እያልን እናየዋለን። አፉ ግን እዚያው ውጭ ይቆይ።

ሙራሪ፦ እመቤቴ፣ ይሄ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? እጅና አፍ ተለያይተው እንዴት ይገባሉ?

ቺሮንጂ፦ በበሩ ነዋ።

[ጫማውን አውልቆ ገባ።]